ሰርቨሯ አልነሳም ያለችበት ጠዋት

ባለፈው ሳምንት የልጅ ልጄ ኖያ ለዓይን ምርመራ ወደ ክሊኒክ ወሰደችኝ። የዘንድሮው ብርድ ገና መግባቱ ነበርና ጸሐፊዋ የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ከጥግ ጎትታ አውጥታ ሰካችው። በጋውን ሙሉ አቧራ ሲጠጣ የከረመ ማሞቂያ መጀመሪያ ሲግል የሚያወጣው ሽታ አለ፤ የሚቃጠል ፀጉር የሚመስል፣ ጉሮሮ የሚከረክር። ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ኖያ ደንግጣ «ሳቭታ፣ ምን ሆንሽ? ውሃ ላምጣ?» አለችኝ። ሳቭታ በዕብራይስጥ አያት ማለት ነው። እዚህ እስራኤል የተወለዱት ልጆች አንቱታን አያውቁም፤ ለእኔም ለጎረቤት ድመትም «አንቺ» ነው፤ ግን አንቺታቸው ንቀት የለበትም፣ ስለዚህ አልቀየምም። «ምንም አልሆንኩ» አልኳት። እውነት አልነበረም። እኔ በዚያች ቅጽበት ክሊኒኩ ውስጥ አልነበርኩም። ከሃያ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ሄጄ፣ ሃነቪኢም መንገድ ከኢትዮጵያ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት አካባቢ፣ በአንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አልነሳም ያለ ማሽን ፊት ቆሜ ነበር።

ያን ጊዜ ኢትዮጵያ ጎዳና ከአሁኑ ይልቅ ጭር ያለ ነበር። ዛሬ ጎብኚው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ግንቡን፣ የብረት በሩን፣ ከግንቡ በላይ ብቅ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ሲያነሳ ይውላል። በዚያ ዘመን በጠዋት የሚያጋጥሙህ ከቅዳሴ የሚመለሱ መነኮሳይያት፣ መጥረጊያ የያዘ ዲያቆን፣ ውሻቸውን የሚያንሸራሽሩ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ብቻ ነበሩ። እኛ ቤተ እስራኤሎች ነንና ወደ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ግን የግዕዙ ዜማ ከግንቡ ማዶ ሲሰማ እግሬ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ጎንደር ሳለሁ ጎረቤቶቼ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ዜማው የልጅነቴ የጠዋት ድምፅ ነው። ሁላችንም በዚያ ክረምት የምንለብሰው ከአንድ ሱቅ የወጣ ይመስል ነበር፦ ሴቶቹ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ወፍራም የኮርዶሮይ ቀሚስ፣ ሽማግሌዎቹ በመርካዝ ቅሊታ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያው፣ የታደለ ትከሻው የሚሰፋ ካፖርት። ወደ ጎንደር የምንደውለው በካርድ ነበር። ካርዱን በሳንቲም ፍቀን ቁጥሩን እናወጣለን፤ በሃያ ሸቀል ካርድ አንዱ ዘመድ ሰላም ብሎ ሳይጨርስ መስመሩ ይቆረጣል። ግማሽ ዳቦ ውስጥ የተሞላ ፈላፈል፣ የተጠበሰ የሽንብራ ድብልብል፣ ምሳዬ ነበር፤ ሻጩ ሰላጣውን እጨምርልሽ ሲለኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ከዋናው የአውቶቡስ ጣቢያ አጠገብ የጎንደር ዘፈን ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱቅ ነበር፤ ባለሱቁ የመሰንቆውን ድምፅ ከፍ አድርጎ ሲለቀው መንገደኛው ዞር ብሎ ያያል፤ እኛ ደግሞ እንደ ዋዛ ቀስ ብለን እናልፋለን፣ ዘፈኑ እስኪያልቅ።

ደስታው ይህን ያህል ነበር። ከዚያ በላይ ግን ዘመኑ የፍርሃት ነበር፤ አውቶቡስ ውስጥ ቦምብ ይፈነዳ ነበር። ሰው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ያያል፤ ቤቱ ሲደርስ ደግሞ ይደውላል፣ «ገብቻለሁ» ለማለት ብቻ። ጥፋቱ የማን ነው ማለት አሁን አልፈልግም። እኔ የማስታውሰው የአምቡላንስ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ቢሮ ውስጥ ሁላችንም ሥራ አቁመን መቁጠራችንን ነው። አንድ ከሆነ ሰው ታሟል እንላለን። ሁለተኛው ሲከተል ወንበር ይገፋል፣ ስልክ ይነሳል። በዚህ ምክንያት ከመቫሰረት ጽዮን መቀበያ ወጥቼ ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራየሁ፤ በእግሬ ሥራ እንድደርስ። ስምንት ወር ሙሉ አውቶቡስ ላይ አልወጣሁም።

ጎንደር ሳለሁ የሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ ግን መጀመሪያ የያዝኩት መጥረጊያ ነው፤ ያንኑ ቢሮ አጸዳ ነበር። ቢሮው ዘመዶቻቸው ጎንደር ቀርተው ለሚጠብቁ ሰዎች ወረቀት የሚያስጨርስ ትንሽ ማኅበር ነበር። የስድስት ወር የኮምፒዩተር ትምህርት ስጨርስ ሥራ አስኪያጇ ሩት ከመጥረጊያው ወደ ጠረጴዛው አዛወረችኝ። ከጎንደር የሚመጡ መልእክቶችን ተቀብዬ፣ አትሜ፣ ለባለጉዳዩ በአማርኛ አንብቤ የምሰጥ እኔ ሆንኩ። ማዛወሯ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ከልቤ አላመንኩትም። አንድ ስህተት ብሠራ መጥረጊያው ከበሩ ኋላ እንደቆመ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ኢሜይሉ የሚገባው ሰርቨር የሚባል ትልቅ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር፤ ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ በነበረች መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ቀን ከሌት ያጉረመርማል። ዛሬ ኖያ «ደብዳቤው ሁሉ ደመና ላይ ነው» ስትለኝ እስቃለሁ፤ የኛ ግን ሳጥን ውስጥ ነበር፣ በእጅ የሚዳሰስ። ኢጎር የሚባል ከሩሲያ የመጣ ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን እየመጣ ያየው ነበር። ማሽኗን «ዶዳ» ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ዶዳ በዕብራይስጥ አክስት ነው። «አክስቴም እንዲህ ናት» ይል ነበር፤ «ከተቀመጠች ለመነሳት ግማሽ ሰዓት፤ ከተነሳች ግን ማንም አያስቀምጣትም።»

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። ከመግቢያው በር አጠገብ፣ ባለጉዳዮች ተደርድረው የሚጠብቁበት ኮሪደር ነበር። ሰሜን ነፋስ በበሩ ሥር ይገባል፤ ሽማግሌዎች ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ይቀመጡበታል። ማሞቂያ ነበረን፤ ለኮሪደሩ ያለው ግን አንድ ሶኬት ብቻ ነው፣ እሱንም የካፖርት መስቀያው ሥር የተወሸቀ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ይዞት ነበር። ስክሪን የለውም፣ ማንም ሲነካው አላየሁም፣ ላዩ ላይ ጃንጥላ ይቀመጥበታል። አንድ ጠዋት ነቀልኩትና ማሞቂያውን ሰካሁ። ኢጎር ሲመጣ እነግረዋለሁ ብዬ ነበር። ያን ሳምንት ኢጎር አልመጣም፤ ሚሉኢም፣ ማለትም ለተጠባባቂ ወታደሮች የሚደረግ የግዳጅ ጥሪ፣ ደርሶት ሄዷል። ስምንት ቀን አለፈ። ኢሜይሉ እንደ ወትሮው ይመጣል፣ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹ እግራቸውን እያሞቁ መረቁኝ። እኔም ረሳሁት።

በዘጠነኛው ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብና ነፋስ ከተማውን ሲያናውጠው አደረ፤ ንጋት ላይ መብራት ጠፋ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮ ስደርስ መብራቱ ተመልሷል፤ ዶዳ ግን ጸጥ ብላለች። ክፍሏ እንደዚያ ጸጥ ብላ አይቻት አላውቅም፤ ሬሳ ያለበት ክፍል መሰለችኝ። ማስነሻዋን ተጫንኩ። ነፋስ መሳቢያዋ ጮኸ፣ ስክሪኑ በራ፣ ከዚያ «የኔትወርክ ግንኙነት በመዘጋጀት ላይ» የሚል ጽሑፍ መጣና እዚያው ቀረ።

አባ ጌጡ የመጡት በዚህ መሃል ነው። ከመቫሰረት በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው ነበር፤ ካፖርታቸው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ከሥሩ ግን የሰንበት ኮታቸውን ለብሰዋል። ሴት ልጃቸው የሺ ጎንደር ቀርታ ሦስት ዓመት ጠብቃለች። ሳንባዋን ታማ ስለነበር ሕክምናዋን መጨረሷን የሚገልጽ የሐኪም ወረቀት ካልቀረበ አትሳፈርም። እሷን ወደዚህ የሚያመጣው ጉዞ የስም ዝርዝር የሚዘጋው በዚያው ቀን በሰባት ሰዓት ነበር፤ እዚህ አንድ ሰዓት የሚሉት መሆኑ ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ጉዞ አይኖርም የሚል ወሬ በመቀበያው ውስጥ ከሰነበተ ቆይቷል። እውነት ይሁን ሐሰት ማንም አያውቅም፤ ስለዚህ ሁሉም ይፈራዋል።

«ደህና አደርሽ ልጄ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን አባ ጌጡ። እንዴት አደሩ?»

«የሺ ትናንት ማታ ደውላ ነበር። ወረቀቱን አስነስታ በኮምፒዩተር ልካዋለች። መጣ?»

«ከመጣ እዚህ ውስጥ ነው» አልኩ ወደ ጠባቧ ክፍል እያሳየሁ። «ግን ሰርቨሯ ገና አልተነሳችም። ትንሽ ይታገሱኝ።»

ማሞቂያው አጠገብ ተቀመጡ። እኔ በኮሪደሩና በክፍሏ መካከል ተመላለስኩ። አሥር ደቂቃ፣ ሃያ ደቂቃ፣ ጽሑፉ ፈቀቅ አላለም። ጣቴ ማጥፊያው ላይ ሄዶ ተመለሰ፤ ሄዶ ተመለሰ። ኢጎር በጉልበት እንዳላጠፋት ስንት ጊዜ አስጠንቅቆኛል፤ ደብዳቤዎቹን በምትጽፍበት ሰዓት ከጠፋች የሚጽፍን ሰው እጅ እንደ መቁረጥ ነው ብሎኛል። ወረቀቱን በሌላ መንገድ ይልኩልን እንደሆነ ብዬ ጎንደር ደወልኩ፤ መስመሩ ይጠራል፣ የሚያነሳ የለም። ደግሜ ደወልኩ፤ ጭራሽ መጥራቱንም ተወው። ሩት በነፋስ የወደቀ ዛፍ መንገድ ዘግቶባት ከቤቷ መውጣት አልቻለችም። አርባ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ስክሪኑ ተከፈተ። እፎይ ከማለቴ አንድ መስኮት ብቅ አለ፦ ቢያንስ አንድ አገልግሎት መነሳት አልቻለም ይላል። አንድ ቢሆን መልካም ነበር። ዝርዝሩን ስከፍተው የኢሜይሉ አገልግሎቶች በሙሉ ቆመዋል። ደብዳቤ የሚቀበለው፣ የሚያከማቸው፣ የሚያድለው፣ ሁሉም። አንዱን ላስነሳ ስሞክር በሌላው ላይ ያሳብባል፤ ሌላውን ስሞክር ወደ ሦስተኛው ይልከኛል።

ሦስት ሰዓት ከአርባ ላይ ኢጎርን በስልክ አገኘሁት። ከኋላው የሞተር ድምፅና የሰዎች ጩኸት ነበር።

«አሥር ደቂቃ ብቻ አለኝ» አለ። «መብራት ጠፍቶ ነበር?»

«አዎ፣ ንጋት ላይ።»

«ከዚያ በፊትስ? በዚህ ሳምንት ቢሮው ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ? የነካሽው፣ ያንቀሳቀስሽው፣ የነቀልሽው?»

የጃንጥላው ሳጥን በዓይኔ ላይ ድቅን አለ። ይህን ዛሬ አልክደውም፤ ድቅን አለ። ግን ከበሩ ኋላ የቆመው መጥረጊያም አብሮ ታየኝ። አንድ የሞተ ሳጥን ከዶዳ ጋር ምን ያገናኘዋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

«ምንም አልነካሁም» አልኩ።

ኢጎር ጊዜ አላባከነም። «እንግዲያው መብራቱ ነው። ደብዳቤዎቹ የተከማቹበት መዝገብ ተጎድቷል ማለት ነው። ጻፊ።» አንድ ረጅም ትዕዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። «ይህ መዝገቡን ይጠግናል። ግን ስሚኝ፤ የተበላሸ መስሎ የታየውን ገጽ ቆርጦ ይጥላል። በተለይ መጨረሻ ላይ የገቡትን። ከተቆረጠ አይመለስም። ሌላ አማራጭ ግን አይታየኝም።» ስልኩ ተዘጋ።

መጨረሻ ላይ የገቡት። ትናንት ማታ የገባው።

ትዕዛዙን ጻፍኩት። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ቀረኝ። አባ ጌጡ መቼ ከኋላዬ መጥተው በሩ ላይ እንደቆሙ አላውቅም።

«ልጄ» አሉ፣ «ያ ልትነኪው ያሰብሽው ነገር የየሺን ወረቀት ያመጣዋል?»

«ሊያመጣው ይችላል።»

«ሊያጠፋውስ?»

እጄን ከቁልፉ ላይ አነሳሁ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም፤ ባሕር አቋርጬ ስመጣም፣ የሁለተኛው አምቡላንስ ድምፅ ሲሰማም። ያኛው ፍርሃት ከውጭ የሚመጣ ነበር። ይሄኛው ሆዴ ውስጥ ተቀምጦ ስሜን የሚጠራ ነበር።

ተማሪዎቼ የሒሳብ መልስ ሲሳሳትባቸው መጨረሻው መስመር ላይ ያፈጣሉ። እኔ ደግሞ ወረቀታቸውን ወስጄ ከመጀመሪያው መስመር እጀምራለሁ፤ ስህተቱ የታየበት ቦታ ሌላ ነው፣ የተሠራበት ቦታ ሌላ። ያን ጠዋት ያንኑ አደረግኩ። ማሽኗ ሲገጥማት የነበረውን ሁሉ በሰዓት በሰዓቱ የምትመዘግብበት ዝርዝር ነበራት። የቀይ ምልክቱ ብዛት ያስደነግጣል። ኢጎር የሚያየው ከላይ፣ ከቅርቡ ነበር፤ እኔ ወደ ታች ወርጄ ከተነሳችበት ደቂቃ ጀመርኩ። እንግሊዝኛዬ ቀርፋፋ ስለሆነ ጣቴን ከቃሉ ሥር እያስኬድኩ አነበብኩ። የመጀመሪያው ስህተት ስለ ደብዳቤ አይደለም፤ ስለ መዝገብም አይደለም። የስሞች ማውጫውን ጠየቅኩ፣ መልስ የሚሰጥ አጣሁ ይላል። ከሥሩ የጠየቀችው ማሽን ቁጥር ተጽፏል፤ መጨረሻው ሰባት ነው። ደቂቃ ቆይታ ደግማ ጠይቃለች። ደግማ፣ ደግማ። አርባ አምስት ደቂቃ የፈጀባት ይህ ነበር። በጨለማ በር እያንኳኳች ነበር፤ ከፋች አጥታ።

ያን ቁጥር አይቼዋለሁ። ጃንጥላ ሳነሳ፣ በተላጠ ወረቀት ላይ፣ በኢጎር እጅ ጽሑፍ።

ወደ ኮሪደሩ ሄድኩ። ካፖርቶቹን ገለጥኩ። ሰባት። ተንበርክኬ እንዳለሁ አባ ጌጡ ከላዬ ቆመው ያዩኛል። ማንም አላወቀም። ገመዱን መልሼ ብሰካው፣ ዶዳ ትነሳለች፣ ሁሉም ሰው መብራቱን ይወቅሳል፣ እኔም ጠረጴዛዬ ላይ እቀመጣለሁ። ይህ ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ውስጥ አለፈ። ከዚያ ቀና ስል የአባ ጌጡን ጫማ አየሁ፤ ተወልውሎ ጭቃ የነካው፣ ክሩ በጥንቃቄ የታሰረ።

«አባ ጌጡ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩ። «ይህን ሳጥን የነቀልኩት እኔ ነኝ። ማሞቂያውን ልሰካበት ብዬ። ሰርቨሯ ስትነሳ የምትጠይቀው እሱን ኖሯል። ሰውዬው ሲጠይቀኝ ደግሞ ምንም አልነካሁም ብዬ ዋሸሁት።»

ማሞቂያውን አዩ፤ የእግራቸውን ሥር አዩ፤ እኔን አዩ።

«ለኛ ብለሽ ነው?»

«አዎ። ግን መጠየቅ ነበረብኝ።»

ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። ድምፃቸው ሲወጣ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። «ሦስት ዓመት ሙሉ ጠብቄያታለሁ» አሉ። «ምነው ባትነግሪኝ ኖሮ። አሁን ወረቀቱ ቢቀር የምጠላው ሰው ሰጠሽኝ።»

ማሞቂያውን ነቀልኩ፤ ሳጥኑን ሰካሁ። ተጫንኩት፤ ድምፅ የለም። ደግሜ ተጫንኩት፤ የለም። ስምንት ቀን በብርድ የተኛ አሮጌ ማሽን ነው፤ ሞቶ ቢሆንስ? ለሦስተኛ ጊዜ ጣቴን አቆይቼ ስጫነው ሆዱ ውስጥ አንድ ነገር ተንቋቋና ማጉረምረም ጀመረ። እንባዬ መጣ። አባ ጌጡ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረዋል።

አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኩ ጮኸ፤ ኢጎር ነበር።

«ጥገናው አለቀ?»

«አልጀመርኩትም» አልኩ። «ኢጎር፣ ዋሽቼሃለሁ። ኮሪደሩ ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒዩተር ከስምንት ቀን በፊት ነቅዬው ነበር። አሁን መልሼ ሰክቼዋለሁ።»

በሩሲያኛ አንድ ነገር አለ፤ ባይገባኝም ምርቃት እንዳልነበረ ገብቶኛል። «ትርንጎ» አለ ቀጥሎ በዕብራይስጥ፣ «መዝገቡ ደህና ነው። ለጤነኛ ሰው ቀዶ ጥገና ላደርግ ነበር። ቁልፉን አልተጫንሽም?»

«አልተጫንኩም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በልጆቼ።»

«በይ አሁን ዶዳን በሥርዓት አጥፊያት፤ በጣትሽ አይደለም፣ ከስክሪኑ። ከዚያ አስነሻት። ካልሆነ እንደገና...» ሌላ ድምፅ ጠራው፤ ስልኩ ጠፋ።

ዶዳ ለመጥፋትም ጊዜ ወሰደች፤ የቆሙት አገልግሎቶች እንኳ ሲሰናበቱ አንድ በአንድ ነበር። ሰዓቴ አምስት አለፈ፤ አምስት ከሩብ አለ። ስትነሳ ያ የተረገመ ጽሑፍ እንደገና መጣ፤ «የኔትወርክ ግንኙነት በመዘጋጀት ላይ»። ትንፋሼን ያዝኩ። እስከ ሃያ ሳልቆጥር አለፈ። ዝርዝሩን ከፈትኩ። አንዱ ተነስቷል። ሁለተኛው ተነስቷል። ደብዳቤ የሚያከማቸው ዋናው ግን «በመነሳት ላይ» ይላል፣ አይነሳምም፣ አይወድቅምም። ከሃያ ደቂቃ በላይ እንዲሁ ቆየ። አባ ጌጡ በብርድ ከወንበራቸው ተነስተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሲጸልዩ ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቃሉ ሲለወጥ ጮህኩ፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የየሺ ከመሃላቸው ነበር። አርእስት የለውም፤ ከሥሩ ግን የወረቀቱ ሥዕል ተያይዟል። ፕሪንተሩ መስመር በመስመር ሲያወጣው መጀመሪያ የሐኪም ቤቱ ስም፣ ከዚያ ስሟ፣ በመጨረሻ ጠርዙ የደበዘዘው ማኅተም ታየ። ወረቀቱ ገና ሞቆ እያለ በፕላስቲክ ጠቀለልኩት። ስድስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ቀርቶት ነበር።

ወረቀቱ የሚገባበት ሚስራድ፣ የመንግሥት ቢሮው፣ ከተማው ማዶ ነው። በዚያ ነፋስ በሽማግሌ እግር አይደረስም። ታክሲ የሚባል መንገድ ላይ የለም። አውቶቡስ መጣ። በሩ ሲከፈት እግሬ ደረጃው ላይ ቆመ። ሹፌሩ «ትወጪያለሽ ወይስ አትወጪም?» አለኝ። አባ ጌጡ ቀድመውኝ ወጥተው ዞር ብለው አዩኝ፤ ከቢሮው ከወጣን አንድ ቃል አልተናገሩኝም ነበር። ወጣሁ። የተሳፋሪውን ፊት አንድ በአንድ ሳላይ መሬት መሬቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። በእያንዳንዱ ማቆሚያ በሩ ሲከፈት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ውሃው መንገዱን ስለሸፈነው እየተንፏቀቅን ነበር የሄድነው፤ ስንወርድ ለሰባት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነበር። በሚስራዱ ደጃፍ ያለው የድንጋይ ደረጃ በረዶ ይዞ ያዳልጣል፤ አባ ጌጡ ክንዴን ያዙ። ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ጸሐፊዋ ካፖርቷን ለብሳ ልትወጣ ነበር። ወረቀቱን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው፣ ማኅተሙን በጥፍሯ ነካካችው። እኔ ደበዘዘ ትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ «በሰደር» አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። ፋይሉ ውስጥ ከተተችው። አባ ጌጡ ትርጉሙን እንድነግራቸው አልጠበቁም። ኮፍያቸውን አውልቀው እንደገና አደረጉት።

በማግስቱ ለሩት ሁሉንም ነገርኳት። የመጣው ይምጣ ብዬ መጥረጊያውን ራሴ ከበሩ ኋላ አምጥቼ አጠገቤ አቁሜ ነበር፤ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ያስቀኛልም። ሩት መጥረጊያው ለምን እንደመጣ አልገባትም። በካርቶን ላይ «እንዳይነቀል» ብላ በዕብራይስጥ ጻፈችና «ከሥሩ በአማርኛ ጻፊበት» አለችኝ። ኢጎር ከሚሉኢም ሲመለስ ሦስት ሳምንት አኮረፈኝ። በአራተኛው ሳምንት አንድ ደብተር አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ። «የሳጥኑን ነገር ጽፌ መለጠፍ የነበረብኝ እኔ ነኝ» አለ። «ግን ሁለተኛ ብትዋሺኝ ይህን ሥራ አላስተምርሽም።» አስተማረኝ። ጡረታ እስክወጣ ሰርቨር ስጠብቅ ኖርኩ፤ ከዶዳ በኋላ ሦስት ሌሎች አልፈውብኛል። አንዳቸውም ሲነሱ ትንፋሼን ሳልይዝ አላስነሳሁም።

አባ ጌጡ ግን ወደ ቢሮው አልተመለሱም። መንገድ ላይ ብንገናኝ ሰላም ይሉኛል፤ ከዚያ አያልፍም። የምጠላው ሰው ሰጠሽኝ ያሉትን ቃል ይዤ ሰነበትኩ።

ከሁለት ወር በኋላ ከመቫሰረት ተደወለ። ሰዎች ገብተዋል፤ አባ ጌጡ ነይ ብለውሻል አሉኝ። አውቶቡስ ይዤ ሄድኩ። መቀበያው ግቢ ውስጥ ሰው ተሰብስቦ ያለቅሳል፣ ይሳሳማል፤ ልጆች የሻንጣ መንኮራኩር እየገፉ ይጫወታሉ። አባ ጌጡ ከሕዝቡ መካከል አዩኝና በእጃቸው ጠሩኝ። አጠገባቸው ቀጠን ያለች ልጅ ቆማለች፤ ነጠላዋን በአውሮፕላን በተሰጣት ብርድ ልብስ ላይ ደርባ፣ ብርዱ ዓይኗን እያስነባት። እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ምን ብለው እንደሚያስተዋውቁኝ ፈርቼ።

«የሺ፣ ሳሚያት» አሉ። «ትርንጎ ትባላለች። መንገድሽን የዘጋችውም እሷ ናት፣ የከፈተችውም እሷ ናት፣ እውነቱን የነገረችኝም እሷ ናት።»

ልጅቱ ግራ ተጋብታ አባቷን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ አንገቴን አቅፋ ሳመችኝ። ጉንጮቿ ቀዝቅዘው ነበር፤ ስትተነፍስ ግን ደረቷ ንጹሕ ነበር፣ አንድም ጊዜ አላሳላትም።